እንዶድ ከሆድ ይውጣ፣ ወደ ወንዝ ይውረድ!

ወገኖች! እንዶድን የማያውቅ የገጠር ቤት የለም ማለት ይቻላል። ፍሬው ሳይቀላ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል። ውሃ ሲነካው አረፋው ይነሣል፤ ጋቢና ነጠላም ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ አጠባ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቀንድ አውጣ ደግሞ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል ማደሪያ ነው። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ውሃ ይገባል፤ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ ይበሳል። በእንዶድ ሥራቸው ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እኛስ? በጣና ዳርቻ ልጆች ዛሬም ሲዋኙና ውሃ ሲቀዱ ትሉን ይዘው ይመለሳሉ። ትምህርት ቤት የሚታደለው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ነገ ያው ውሃ ሲገባ ግን እንደገና ከመያዝ አያስጥለውም።

ሌላው ዕዳችን ይብሳል። ሸማ የሚያነጻው ፍሬ ለኮሶ ትል፣ ለጨብጥ፣ ይልቁንም ፅንስ ለማስወረድ ተበጥብጦ ይጠጣል። መጠኑ የእጅ ግምት ነው። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይገድላልም። በር ዘግታ የጠጣች እህት ነገሯ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

እንግዲህ እንነሣ!

እናቶች፣ የባህል ሐኪሞች፦ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይሆንም በሉ። የጨነቃት ልጅ ስትመጣ አትቆጧት፤ ጤና ጣቢያ አድርሷት።

ወጣቶች፦ እንዶድን በየአጥሩ ትከሉ፣ ያለውንም ከመመንጠር አድኑ።

የቀበሌ መሪዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፦ ቀንድ አውጣ የበዛበትን የወንዝ ጥግ ለዩ። ማንም በራሱ ፈቃድ ወንዝ ውስጥ እንዶድ አይበትን፤ ዓሣም ይፈጃልና። መጠኑ በባለሙያ ይወሰን፤ ከመጠጥ ምንጭና ዓሣ ከሚጠመድበት ይራቅ። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማያጠፋ አንዴ ረጭቶ መተው ከንቱ ድካም ነው፤ ዙሩ ይደገም።

አባወራዎች፦ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ። ሜዳ ላይ የተቀመጥነው ሁሉ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ እስከገባ ድረስ ቀንድ አውጣ ብንገድል ትሉ ሌላ ማደሪያ አያጣም።

ተመራማሪዎቹ የድርሻቸውን ሠርተዋል። የቀረው የሰፈር ሥራ ነው፤ ሙቀጫውም አጥሩም ጉልበቱም በእጃችን አለ። የሚመጣው የዕድር ስብሰባ አጀንዳ ይህ ይሁን። ሌላ ሰው እስኪያነሳው አትጠብቁ፤ እጃችሁን አውጡና እናንተው አስይዙት!