የሕፃናት ሳል መድኃኒትና ዘር

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በጉዱማሌ ሲከበር፣ እናቶች ሕፃናታቸውን አዝለው ይሰበሰባሉ። ከነዚያ ሁሉ መካከል የሚያስል ሕፃን አይጠፋም፤ ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ለሳልና ለሕመም ማስታገሻ ከሚታዘዙት አንዱ ኮዴይን ነው። ይህ መድኃኒት ሕመምን የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በ1996 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመ ምርመራ፣ ከ100 ኢትዮጵያውያን 29 ያህሉ ይህን የመለወጥ ኃይል ተደራርቦ የወረሱ ሆነው ተገኙ፤ በስዊድን ሰዎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። የመድኃኒት ልክ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ሕሙማን ተፈትኖ የተቈረጠ ስለ ሆነ፣ ለነርሱ የበቃው ጠብታ ለኛ ልጅ ከልክ ያለፈ ሊሆን፣ ትንፋሹንም ሊያቆም ይችላል።

ቢሆንም በቆዳ መልክ መፍረድ ስሕተት ነው። በሳውዲ ዓረቢያም ከአምስት ሰው አንዱ ያህል እንደዚሁ ሆኖ ተገኝቷል፤ ባንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ልዩነት አለ።

የአሜሪካ የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ወሰነ፤ የሚያጠቡ እናቶችንም አስጠነቀቀ። እንግዲህ እመቤት ሆይ፣ የሳል ሽሮፕ ሲቀበሉ ኮዴይን እንዳለበት ይጠይቁ። ልጁ ጠጥቶት እንቅልፉ ከከበደ፣ ትንፋሹም ከዘገየ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ያድርሱት።