«ቤቴ» እና «ቤቱ»

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ያነባሉ። እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ያገለገለ ኪንድል የሚባል የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ይዛልኝ ነበርና፣ በማግስቱ ላሳያቸው ወሰድኩላቸው። ተቀብለው አገላበጡት። ስልክ ሲያዩ እንደለመዱት በመዳፋቸው ጥላ ሊሠሩለት ካሉ በኋላ ተዉትና ቀጥ አድርገው ለፀሐዩ ሰጡት። «አንተ፣ ይሄ ነገር ፀሐይ ሲያገኝ ይብስ ይጠራል እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ስለዚህ ዕቃ ብዙ አንብቤ ነበር፤ ዋናውን ነገር የያዙት ግን እሳቸው ናቸው። ስልክና ታብሌት የራሳቸውን ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካሉ። ደጅ ሲወጡ ከፀሐይ ጋር ይፎካከራሉ፤ ይሸነፋሉም። የኪንድል ገጽ የተሠራበት የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ከውጭ ያገኘውን ብርሃን መልሶ ነው የሚሰጠው። ከላይኛው ሽፋኑ ሥር ዓይን የማይለያቸው እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ፣ በጠራ ፈሳሽ ላይ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይንሳፈፋል። ነጩ ለግድግዳ ቀለም የምንጠቀምበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ ብናኞች ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው፣ ከሥር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ያወርዳል። ነጩ የወጣበት ቦታ ወረቀት፣ ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ፊደል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ እንኳ ፊደሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ኃይል የሚፈልገው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ስለሆነ አንድ ቻርጅ ሳምንታት ይቆያል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀን ለሚቆጥር ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለሌሊት ደግሞ መላ ተገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኪንድል ፔፐርዋይት ጠርዙ ላይ ትናንሽ አምፖሎች አሉት፤ ብርሃናቸው ገጹ ላይ ተዘርግቶ ወደ ታች ይወርድና ተንጸባርቆ ይመለሳል። ዓይን ላይ ቀጥታ የሚተኮስ አይደለም፤ አልጋ አጠገብ መጽሐፍ ላይ እንደሚያርፍ መብራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ማረም እፈልጋለሁ። የስልክ ብርሃን ዓይን ያጠፋል የሚል ነገር በየቤቱ ይነገራል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ግን ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ ማስረጃ የለም ይላል። ዓይናችን የሚደክመውና የሚደርቀው ይበልጡን ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንቀንስ ነው። እንቅልፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ከቦስተን የወጣ ጥናት፣ ለተከታታይ አምስት ምሽቶች ከመኝታ በፊት ለአራት ሰዓት በአይፓድ ያነበቡ ሰዎች የወረቀት መጽሐፍ ሲያነቡ ከነበረው ወደ 10 ደቂቃ ያህል ዘግይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ 12 ብቻ ነበሩ፤ አይፓዱም ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተለቆ ነበር። ስለዚህ ልጅ ማስፈራሪያ አናድርገው። እኔ የኤሌክትሮኒክ ወረቀትን የምመርጠው ስክሪን ፈርቼ አይደለም፤ ረጅም ነገር ሳነብበት ገጹ ዝም ስለሚልልኝ ነው።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ዘገምተኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ገጹን ለማጥራት ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ብልጭ ይላል፤ ቪዲዮ አይሆንለትም፤ ባለ ቀለም የሚባሉትም ደብዛዛ ናቸው። ለልብ ወለድ ይህ ሁሉ ግድ አይሰጠኝም።

የፊደላችን ጉዳይ ግን ግድ ይሰጠኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ኪንድል በአንድ ኢንች ውስጥ 167 ነጥብ ብቻ ነበረው። ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል። እኛ ጋ «ቤቴ» እና «ቤቱ» የሚለያዩት ከአንዲት ፊደል ጎን በምትወጣ ጭረት ነው፤ እግሯ ሥር ቀለበት ከሆነች ቤቱ የኔ ነው፣ ወገቧ ላይ ከቀረች የሌላ ሰው ነው። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ጭረት ቀድማ ትጠፋለች። ፔፐርዋይት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 300 ነጥብ ከፍ ሲል ካዕቡም ኃምሱም ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል መለያ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ማንበቢያው የግዕዝ ፎንት ባይኖረው እንኳ ፎንቱን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ማሸግ ይቻላል። የስክሪኑ በኩል እንግዲህ አለቀ።

ያላለቀው የእኛ በኩል ነው። ጋሼ ዕቃውን ከወደዱት በኋላ የልጅ ልጃቸው በቴሌግራም የላከላቸውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ዛሬ እጃቸው አይችለውም። የተላከላቸውን ስከፍተው የገጾች ፎቶግራፍ ነው። ያ ሁሉ ገጽ በስድስት ኢንች ላይ ተጨምቆ ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ላጎላው ስል ማሽኑ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ቆመ። እሳቸውም «በል ውሰደው፣ ስልኩ ይሻለኛል» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ስልክ ላይ በሁለት ጣት ይጎላል፣ ወዲያ ወዲህ ይጎተታል። የአማርኛ አንባቢ ከስልክ ጋር የተጣበቀው አብሪ ስክሪን መርጦ እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፎቻችን ፎቶግራፍ ሆነው ስለቀሩ ነው።

ጽሑፍ ሆኖ የተቀመጠ መጽሐፍ ከማንበቢያው ስፋት ጋር ራሱን ያስተካክላል፤ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ይታጠፋል እንጂ ከገጹ አይወጣም። የመጽሐፎቻችን ጽሑፍ ደግሞ አለ። በኮምፒውተር የተለቀመ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ቦታ ፋይል አለው፣ ወይም ነበረው። የቆዩት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ዘመን የተጻፉ ስለሆኑ ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናሉ፤ ወደ ዩኒኮድ መመለስና እንደገና ማረም ይፈልጋሉ። ድካም ነው፤ ግን የአንድ መጽሐፍ ድካም እንጂ የአንድ ዕድሜ አይደለም።

አሳታሚዎች ፋይሉን ከለቀቅነው ይሰረቃል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ደራሲው የላቡን ዋጋ ማግኘት አለበት። ነገር ግን ፎቶው አሁንም በየስልኩ እየዞረ ነው፤ ደራሲውም ቤተሰቡም ከዚያ አንድ ብር አያገኙም። የሚነበብ፣ የታረመ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገዛ ቅጂ ሳናቀርብ አንባቢን በሌብነት ብቻ መክሰስ አግባብ አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ የዚህን ዓምድ አሥር የቆዩ ጽሑፎች ኢፐብ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ቀይሬ፣ ፊደሉን አሳድጌ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለቱን ጨረሱ። በሦስተኛው ላይ አንድ የፊደል ስሕተት አገኙብኝ፤ «ቤቱ» ማለት ሲገባኝ «ቤቴ» ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው «የሐዲስንስ እንዲህ አድርገህ መቼ ታመጣልኛለህ?» አሉኝ።