ለስላሳውን አስቀድሙ

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ለመዳር ዋጃ ነበርኩ። የኮቦ-አላማጣ መንገድ በከተማዋ ስለሚያልፍ መኪና አይጠፋም፤ የራያ ቆላ ፀሐይና አቧራ ደግሞ ቀለምን አይምርም። የሙሽሪት ታናሽ ወንድም ይህን አይቶ፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ የፖሊሽ ማሽን ገዛ። የመጀመሪያ ሥራው ሙሽራዋን የምትወስደው የአባቱ አሮጌ ነጭ ኮሮላ ሆነች።

ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት፣ በእኩለ ቀን፣ የሱፍ ፓድ ገጥሞ፣ ሻካራውን ኮምፓውንድ ቀብቶ ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ የኮፈኖው ጠርዝ ተልጦ ከሥር ያለው ግራጫ ቀለም ብቅ አለ። አባቱ ዝም አሉ። ልጁ ገመዱን እየጠቀለለ «አጎቴ፣ ማሽኑን እሸጠዋለሁ» አለኝ።

ወጣትነቴን በጋራዥ ያሳለፍኩ ነኝና «ማሽኑ ምን አጠፋ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሆንከው። ነገ በጠዋት እንጀምር» አልኩት። በማግስቱ ያልኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ይህን ሥራ የሚጀምር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በየቤቱ አለና።

የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ሽፋኖቹ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለትም ከ0.15 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፖሊሽ ደግሞ ጭረትን አይሞላም፤ ዙሪያውን ፍቆ ነው የሚያስተካክለው። የተፋቀ ቀለም አይመለስም። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ካለ ይተው፤ እሱን ለማጥፋት መታገል ቀለሙን መጨረስ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከለስላሳው ይጀምራል። ለስላሳ የስፖንጅ ፓድ ከደቃቁ ፖሊሽ ጋር ገጥሞ፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ መሞከር ነው። ካልጠራ መጀመሪያ ጠንከር ያለ ፓድ፣ ከዚያም ሻከር ያለ ኮምፓውንድ ይለወጣል። ሱፍ ቶሎ ስለሚቆርጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የስፖንጁን ቀለም አይታችሁ አትፍረዱ፤ አንዱ አምራች ለሻካራ ያደረገውን ቀለም ሌላው ለለስላሳ ያደርገዋልና ጽሑፉን አንብቡ።

ማሽኑም ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ ዘንግ ብቻ የሚዞረው ሙቀት ስለሚያከማች ቀለም ያቃጥላል፤ እየዞረ የሚወዛወዘው ለጀማሪ ይሻላል። የእኛ ልጅ የገዛው የመጀመሪያውን ነበርና ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ቦታ ሳይቆም እንዲያንቀሳቅሰው ነገርኩት። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈንና በእጅ ይሠራል።

ዋጃ ላይ ከሁሉም የሚከፋው አቧራ ነው። በደንብ ያልታጠበ መኪና ላይ ማሽን ማስነሳት በአሸዋ እንደመፈግፈግ ይቆጠራል። መሬት የወደቀ ፓድ ሳይታጠብ አይመለስም። ሥራው በጥላ፣ ላሜራው ሳይግል ይሁን።

አሮጌ መኪና ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። በጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አሹበት፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ከላይ የሚከላከል ክሊር የለውም ማለት ነው። ለነጭ መኪና ጥቁር ጨርቅ ያዙ። የእኛዋ ኮሮላ ጨርቁን ነጭ አደረገችው።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ በለስላሳው ስፖንጅ ሠርቶ ኮፈኖው የሰው ፊት አሳየ። የተላጠችውን ጠርዝ በብሩሽ ነካ አደረግናት፤ በሰርጉ ዕለት ሪባን ሸፈናት።

ልጁ ማሽኑን አልሸጠም። አባቱ ግን ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ በር አምጥተው ግቢው ውስጥ አቆሙለትና እንዲህ አሉት፦ «በእኔ መኪና ተምረሃል፤ በሰው መኪና ግን እንዳትማር።»