ሕግና ፈጻሚው

መልካም ሕግ መጻፉ ብቻ ለዜጋ መብት ዋስትና እንደማይሆን የአሜሪካ ታሪክ በግልጥ ያስረዳናል። በዚያች አገር ማንም ዜጋ በዘሩ ወይም በቀለሙ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል በሕገ መንግሥት የተደነገገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ነው። ዳሩ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንኳ በሚሲሲፒ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በመራጭነት ለመመዝገብ ሲቀርብ፥ መዝጋቢው ሹም ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንዱን አንቀጽ መርጦ «ትርጓሜውን ጻፍ» ይለው ነበር። መልሱን የሚያርመውም ያው ሹም ስለ ነበረ የተማረ መምህር ሳይቀር ወድቆ ይመለስ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የጥቁሮቹ አለመማር ነው የሚሉ አልጠፉም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በ1965 በሰልማ ከተማ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ድብደባ ከደረሰ በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የምርጫ መብት ሕግ፥ ይህን መሰሉን ፈተና አገደ፤ ማዕከላዊው መንግሥትም የራሱን መዝጋቢዎች እንዲልክ ፈቀደ። በ1964 በሚሲሲፒ ከመቶ 7 ያህል ብቻ የነበረው የጥቁር መራጮች ምዝገባ በ1967 ወደ 60 ከመቶ ተጠጋ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሕዝቡ ዕውቀት ሳይሆን የሹሙ ሥልጣን ነው።

እንግዲህ ዛሬ በመሥሪያ ቤት የተቀመጣችሁ፥ ነገም የምትቀመጡ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ባለጉዳይ ሕጉን የሚያውቀው ከእናንተ ጠረጴዛ ፊት በቆመ ጊዜ ነው። እዚያ ካላገኘው፥ ለእርሱ ሕጉ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።