«ትለምጂዋለሽ» እስከ መቼ?

 

በአገራችን ለችግር ሁሉ የሚታዘዝ አንድ ክኒን አለ። ስሙ «ትለምደዋለህ» ይባላል፤ ለሴት ሲሆን «ትለምጂዋለሽ»። አዲስ ጫማ እግር ቢልጥ፣ አዲስ አለቃ ቢቆጣ፣ አዲስ ሙሽራ ብታለቅስ መድኃኒቱ ያው ነው። ሰሞኑን የደረሰን ደብዳቤ ይህን ክኒን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትውጥ ከኖረች እህት የተላከ ነው። ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃናለች። አሳጥረን እነሆ፦

«ተወልጄ ያደግኩት ደጋ ነው፤ ደባርቅ አካባቢ። ከሁለት ዓመት በፊት አግብቼ ባለቤቴ ወደሚሠራበት ወደ ድሬዳዋ መጣሁ። መጀመሪያ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር። ምግቡም ቋንቋውም አዲስ ሆነብኝ። የምንኖረው ከአማቴ ጋር ስለሆነ ወጥ እንኳ እንደ ልቤ አልሠራም። ለእናቴ ደውዬ ሳለቅስ ‹ትለምጂዋለሽ የኔ ልጅ› አለችኝ። እውነትም ሙቀቱን ለመድኩት። በኋላ ግን ባለቤቴ ደመወዜን እየተቀበለ የባጃጅ ብቻ ይሰጠኝ ጀመር። ስልኬንም ይፈትሻል። አምና አንድ ቀን በጥፊ መታኝ። እስካሁን አራት ጊዜ ሆኗል። ጎረቤቴን ባማክራት እሷም ‹የወንድ ነገር ነው፣ ትለምጂዋለሽ› አለችኝ። የሚገርመኝ፣ አሁን ሲመታኝ እንደ መጀመሪያው አላለቅስም። ማታ ማታ በር ሲንኳኳ ግን ልቤ ይዘላል። ለምጄው ይሆን? ወይስ እኔ ራሴ አንድ ነገር ሆኛለሁ?»

እህቴ፣ በአንድ ከረጢት ውስጥ ሦስት ነገር አጭቀሽ ነው የላክሽልን፤ ሙቀቱን፣ ባህሉንና ጥፊውን። ሁሉም በአንድ ቃል ስለተጠሩ አንድ ነገር መሰሉሽ። እስቲ ለየብቻ እናውጣቸው።

ከሙቀቱ እንጀምር። እዚህ ላይ እናትሽ ትክክል ናቸው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከደመና ወርደሽ ምጣድ ላይ ወጣሽ ማለት ነው። ሰውነት ግን ለሙቀት ሲጋለጥ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። ላብ ቶሎና በብዛት ይወጣል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የደሙ ውሃማ ክፍል ይጨምራል፤ ልብም እንደ መጀመሪያው ሰሞን አይሯሯጥም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው። ምልክቱን ልብ በዪ፦ በእውነት የለመደ ሰው ሥራውን ከቀድሞው በተሻለ ይሠራል።

ነገር ግን መልመድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ምሳሌውን ከራስሽ አገር እናምጣው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን የመረመረ ነበር። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሆኖም በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ሆነ ኦክስጅኑን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የራቀ አልነበረም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ደግሞ ከፍታውን በሌላ መንገድ ለምደውታል፤ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። ይህም ይረዳቸዋል። አንዳንዶቹ ላይ ግን ልኩን ያልፍና ደሙ ይወፍራል፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ ልብም ይጎዳል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በገለጹት በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንሄ ስም ይጠራል። ዋናው መፍትሔ ምን ይመስልሻል? ከተራራው መውረድ! እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሰውነቱ «በቃኝ» ሲል ይወርዳል። ሐኪሙ «ትለምደዋለህ» አይለውም።

ወደ ባህሉ እንምጣ። ድሬዳዋ ራሷ ከያቅጣጫው በመጡ ሰዎች የቆመች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ ይሰማባታል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ መልመድና ዋጋ የምትጠይቂበት ያህል ኦሮምኛ መያዝ ይጨምርልሻል እንጂ አያጎድልብሽም። አማትሽንም «የወጥ አሠራሩን ያሳዩኝ» በያቸው፤ በሳምንቱ ደግሞ የደጋውን የገብስ ቂጣ ጋግረሽ አቅምሻቸው።

ሙዚቃውንም አስቢ። ሙላቱ አስታጥቄ ውጭ አገር የተማረውን ጃዝ ከኛ ቅኝቶች ጋር ሲያዋሕድ ትዝታንና ባቲን አውጥቶ አልጣለም። ቫይብራፎኑ የኛን ዜማ ተማረ፣ ዜማችንም የጃዙን አጃቢ ተቀበለ። ለዚህ ነው ኢትዮ ጃዝ ስንሰማ ጆሯችን «የኛ ነው» የሚለው። ቃሉ ራሱ እኮ «መላመድ» ነው፤ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሁለቱም ሲጠጋጉ መላመድ ይባላል። አንዷ ብቻ ስትጠብ፣ ስትጠብ ግን ስሙ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጥፊው። በክረምት ብርድ በሩን ዘግታ ከሰል ያቀጣጠለች ሴት አስቢ። መጀመሪያ ሽታው ይሰነፍጣታል። ጥቂት ቆይታ ትረሳዋለች። ለመደችው እንበል? አፍንጫዋ ለምዷል፤ ደሟ ግን አልለመደም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ጨርሶ ሽታ የለውም፤ ሄሞግሎቢኑን ይይዝና የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። «አሁንማ አይሸተኝም» ብላ የተኛች ሳትነሳ ልትቀር ትችላለች።

ሲመታሽ አለማልቀስሽ የአፍንጫው መልመድ ነው። ሙቀቱን ስትለምጂ ልብሽ መሯሯጡን ትቷል። በር ሲንኳኳ ግን ዛሬም ይዘላል። መልሱን ከኛ በፊት ልብሽ ነግሮሻል፤ አልለመድሽውም፤ አንቺም ምንም አልሆንሽም።

ሌላም ነገር አለ። እየለመደ ያለው እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ጥፊ እጁን ከብዳው ይሆናል፤ አራተኛዋ ቀላል ናት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ጥፋቱ የሱ እንጂ ያንቺ አይደለም። ዝምታሽ ግን እጁን አይመልሰውም።

ታዲያ ምን ታድርጊ? በመጀመሪያ ለብቻሽ አትያዢው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እናትሽ «ትለምጂዋለሽ» ያሉት ስለ ሙቀቱ ነው፤ ስለ ጥፊው ገና አልሰሙም። ንገሪያቸው። ጉዳት ከደረሰብሽ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ማስረጃ ያዢ። መታወቂያሽንና የጋብቻ ወረቀትሽን ከምታምኛት ሰው ዘንድ አኑሪ። ሽማግሌ ማስቀመጥ ደግ ነው፤ «ቻዪው» ብቻ ብሎ የሚነሳ ሽማግሌ ከሆነ ግን ያንኑ ክኒን ነው የሚያዝልሽ።

ሕግም አለልሽ። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ደመወዝሽም የጋራ ሀብት ነው እንጂ የሱ የብቻው ኪስ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ወንጀል አድርጎታል። ዱላው ከበረታ ወይም ለሕይወትሽ ከፈራሽ ሽማግሌም ምክርም አትጠብቂ፤ ወደ ዘመድ ውጪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። የአንዲሱ ሰው ከተራራው እንደሚወርደው ማለት ነው። መውረድ ሽንፈት አይደለም።

እናንተም እናቶች፣ ጎረቤቶችና ጓደኞች! ነገ አንዷ ደውላ ስታለቅስ «ትለምጂዋለሽ» ከማለታችሁ በፊት «ምኑን?» ብላችሁ ጠይቋት። ሙቀቱን ከሆነ አጽናኗት፤ ዱላውን ከሆነ በሩን ክፈቱላት።

እህቴ፣ ሁለተኛ ደብዳቤሽን እንጠብቃለን። ለሁላችሁም ቸር ሰንብቱ!