ቴክናይ ከመጥራታችን በፊት



የዚህ እትም ርእሰ አንቀጻችን ስለ ምርጫም ስለ ሹመትም አይደለም። ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታግሳችሁ እንድታነቡልን እንጠይቃለን። በቂርያት ሞሼ ሕንፃዎች ደረጃ ወጥተን ወርደን እንዳየነው፣ የወሩን ወጪ ሳይታሰብ የሚያናጋ፣ በዚያም ላይ ወላጅን በልጁ ፊት የሚያሳንስ ነገር ቢኖር አንዱ የተበላሸ ማሽን ነውና።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ፣ ለሰንበት ሲታጠብ፣ ማሽኑ ውሃውን አልደፋም ብሎ ይቆማል። እናት ስልክ ለመደወል ዕብራይስጡ ስለሚያስቸግራት የ10 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ትጠብቃለች። ልጁ ይደውላል፣ ልጁ ያስተረጉማል፣ ቴክናዩም ሲመጣ የሚያነጋግረው ልጁን እንጂ የቤቱን ባለቤት አይደለም። ሰውየው ተንበርክኮ ከማሽኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ክዳን ይከፍታል፤ አንድ የሕፃን ካልሲና ሁለት ሳንቲም ያወጣል፤ የመምጫውንም የሥራውንም ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። አንዳንዱ ደግሞ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ይላል። ያን ጊዜ ማሽኑ ወደ መንገድ ይወርድና «አልተ ዛኸን» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መኪና ይወስደዋል። የወሰደውም ሰው ብዙ ጊዜ ጠግኖ ወይም ብረቱን ለይቶ ይሸጠዋል።

ቴክናይ ሁሉ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለፍቶ የመጣ ሰው ዋጋውን ማግኘት አለበት። የምንለው ካልሲ ለማውጣት አይጠራ ነው።

ደግሞስ እኛ የማን ልጆች ነን? በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ወናፍ የሚነፉ፣ በመስፍና በመዶሻ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ፣ የገበሬው መሣሪያ ሲሰበር መጠገኛ የሚሆኑት አባቶቻችን ነበሩ። እናቶቻችን በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ሸክላ ይሠሩ ነበር። ርስት የተከለከለ ሕዝብ የኖረው በእጁ ሙያ ነው። የጎንደር ግንቦች ሲታነጹ ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት መሳተፋቸውንም የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በርግጥ ይኸው ሙያ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» አሰኝቶናል። ማረሻውን ከእጃችን የተቀበለው ገበሬ ራሱ ማታ ዓይናችንን ይፈራ ነበር። በዚህም የተነሣ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ ስለ ብረት ሥራ ለልጆቻቸው ማውራት አይወዱም። እንረዳቸዋለን። ነገር ግን ልጆቹ ከሙያው ጋር አባቶቻቸው ምን ያህል አዋቂ እንደነበሩ ሳይሰሙ መቅረታቸው ያሳዝነናል።

በ1990 እና በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ሆናችሁ ጉዞ ስትጠብቁ መርካቶ የገባችሁ ምናለሽ ተራን ታስታውሳላችሁ፤ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ የተጣለ ነገር ሁሉ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚነሣበት ቦታ ነው። ይህችም ረሆቮት ብትሆን ለእጅ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ በዋይዝማን ተቋም በ1954 እና በ1955 ዋይዛክ የተባለው ኮምፒውተር የተሠራው እዚሁ በቦታው ክፍል በክፍል እየተገጣጠመ ነው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ከግድግዳ መንቀል ነው፤ ቁልፉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ውሃው እስኪበርድ ይቆይና ከግርጌ ባለችው ክዳን ሥር ሰፊ ሳህንና ጨርቅ ተደርጎ ክዳኗ ቀስ ተብላ ትዞራለች። የቀረው ውሃ ይወርዳል። ፊልትሩን አውጥቶ ፀጉሩን፣ ሳንቲሙን፣ የጡት መያዣ ሽቦውን ማጽዳት ነው። ውሃ አልገባ ካለ ደግሞ ቧንቧው ተዘግቶ የማስገቢያው ጎማ ይፈታል፤ ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት በኩል ትንሽ ወንፊት አለች፤ አሸዋና ኖራ ይዘጋታል። ማሽኑ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነም ብዙ ጊዜ እግሮቹ እኩል ስላልቆሙ ነው።

የፍሪጅ ነገር ከዚህ ይቀላል። በሩ ላይ አንድ ወረቀት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ላስቲኩ ቆሽሿል ወይም ደርቋል፤ ብርዱ በዚያ ይወጣል፤ የሀሽማል ሒሳብም ይጨምራል። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ከተጠራቀመ ከኋላ ያለችው የመውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በለብታ ውሃና በለስላሳ ነገር ትከፈታለች። በረዶ በቢላዋ የሚፍቁ አሉ። እባካችሁ ይህን ተዉ፤ ቢላዋው ቱቦውን ከበሳው ጋዙ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፍሪጁ በእውነት ይሞታል። የውሃ ማፍያው ላይ የሚጋገረውን ነጩን ድንጋይ፣ አቫኒት የሚሉትን፣ ከማኮሌት የሚገዛ ሜላህ ሊሞን በውሃ ተፈልቶ ያስለቅቀዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የምንጠየቀው ስለ ምጣድ ነው። «እንጀራ ስጋግር መብራት ይጠፋል፣ ምጣዱ ተበላሽቷል» ይሉናል። ብዙ ጊዜ ምጣዱ ደህና ነው። እዚህ አገር የግድግዳ ሶኬት ብዙውን ጊዜ የሚችለው 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3,680 ዋት ይሆናል። ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚስብ ውሃ ማፍያ ሲጨመር መስመሩ ቢቋረጥ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን፣ በቀጥታ ከግድግዳው ይሰካ። በማራዘሚያ ገመድ መጋገር አደገኛ ነው፤ ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። የሚበጀው ፈቃድ ያለው ሀሽመላይ ለምጣዱ የራሱን መስመር እንዲዘረጋ ማድረግ ነው።

የወደቀው ፓሓት የሚባለው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሆነ በኩል እየሾለከ ነው ማለት ነው። ሁሉንም ዕቃ ነቅላችሁ ፓሓቱን አንሡና አንድ በአንድ ሰኩ፤ ሲሰካ የሚጥለው ዕቃ በሽተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ከወደቀ ሀሽመላይ ይጠራ። ፓሓቱ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሾልክ የሚያቋርጠው የሰው ሕይወት ለማትረፍ ነው። እንዳይወድቅ ብሎ በፕላስተር የሚያስረው ሰው ልጆቹን ያስብ።

እጃችን የማይገባበትን እንወቅ። ማይክሮዌቭ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አይከፈት። የግድግዳ ሽቦና የኤሌክትሪክ ሳጥን በ1954 ሕግ መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ የተተወ ሥራ ነው። ዱዱም ውሃና ኤሌክትሪክ የተገናኙበት ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። ጋዝ ከሸተተም መዝጊያውን ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ የመብራት ቁልፍ ሳይነኩ መውጣትና የጋዝ ቴክናይ መጥራት ነው።

አዲስ ዕቃ የገዛችሁ ደግሞ አትክፈቱት። በ2006 የወጣው ደንብ አምራቹን ወይም አስመጪውን ቢያንስ የአንድ ዓመት አህራዮት ያስገድደዋል። ቴዑዳት አህራዮቱንና ደረሰኙን ከመታወቂያ ጋር አስቀምጡ። በስልክ ተደውሎላችሁ የጥገና ውል የገባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው ኦሊም፣ ዕድሜያቸው 65 የደረሰ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በንግግር የተደረገን የርቀት ውል በ4 ወር ውስጥ ለመሰረዝ ሕግ ይፈቅድላቸዋል።

አስመጪዎችን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ በዕብራይስጥ፣ አንዳንዴም በሩሲያኛና በዐረብኛ ይጻፋል። በአማርኛ አንድ ገጽ፣ ያም ካልሆነ ሥዕል ብቻ ቢጨመር ከሠርተፍኬት ይልቅ ይጠቅመን ነበር። ኢሪያውም በማትናሱ ውስጥ በአማርኛ የሚሰጥ የቤት ዕቃ ጥገና ትምህርት እንዲከፍት እናሳስባለን። ይህን ስንል ልጆቻችን ወደ ሙያ ክፍል ብቻ ይመደቡ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ ልጆቻችን ሳይጠየቁ ወደዚያ መመደባቸውን ማኅበረሰባችን አጥብቆ ተቃውሟል። መሐንዲስም ይሁኑ ሐኪም፣ የእናታቸውን ማሽን ቢከፍቱ ግን አይጎዳቸውም።

በአምስተርዳም ከተማ በ2009 ጎረቤቶች ተሰብስበው የተበላሸ ዕቃቸውን አብረው የሚጠግኑበት ዝግጅት ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተዳርሷል። በሰፈራችንም እንዲህ ያለ ምሽት በየወሩ እንዲኖር እንሻለን። በቴክናይነት የምትሠሩ ወጣቶች ስማችሁን ስጡን። ብረት የምታውቁ አባቶችም ኑ፤ ወንበር ይዘን እንጠብቃችኋለን። እናቶች ማፍያውን፣ ካውያውን፣ ፕላታውን አምጡ። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይምጡ፤ ማስተርጎሙን ግን በዚያ ምሽት ይረፉበት፤ ሁሉም በአማርኛ ነው። ፍሪጅ ተሸክሞ የሚመጣ አይኑር፤ ወደ ቤታችሁ እንመጣለን።