የሚዘርፍ ወታደር ማንን ያሸንፋል?

ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ዋድ መዳኒን ሲይዝ እጅግ ብዙ ሰው ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። የመጡት ሰዎች ከውጊያው ይልቅ የሚያወሩት ስለ ዘረፋው ነበር፦ ስለ መኪናው፣ ስለ ወርቁ፣ ስለ እርሻ ትራክተሩ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ለአንድ ወር የሚመግብ እህል ከመጋዘኑ እንደተዘረፈ አስታውቋል።

«ጦርነት ነው፤ ደመወዝ ያልተከፈለው ወታደር ምን ይብላ?» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ንቄ አላልፈውም፤ ወታደሩን ያለ ስንቅ የላከው አዛዥ ከሁሉ በላይ ተጠያቂ ነው። ነገር ግን ፍሪጅና የሴት ወርቅ ረሃብ አያስታግስም። በቋንቋችን ምርኮና ዘረፋ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከተዋጊ ጠላት የተወሰደ ጠመንጃ ምርኮ ነው፤ ከባልቴት ቤት የወጣ አልጋ ግን ዘረፋ ነው። የ1949 (እ.ኤ.አ.) አራተኛው የጄኔቫ ስምምነትም በአንቀጽ 33 ዘረፋን በአጭሩ ይከለክላል።

ዘረፋ ለጦሩም አይበጅም። ዕቃ የጫነ መኪና ወደ ፊት አይሄድም፤ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው። የተዘረፈ ገበሬም መንገድ አያሳይም። መዳኒ ከወደቀች በኋላ በገዳሪፍና በከሰላ ስንት ወጣት ጠመንጃ እንዳነሳ አይተናል። ብዙዎቹን ያስነሳቸው የመንግሥት ጦር ፍቅር ሳይሆን «ነገ የእኛ ቤት ነው» የሚል ስጋት ይመስለኛል። ጦሩ መዳኒን ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. መልሶ ያዘ።

ከዚህ ድንበር ማዶ የቋራው ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸው ነበር። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወታደሩ በደመወዙ ስንቁን እንዲገዛ፣ ገበሬውንም እንዳይዘርፍ ለማድረግ ሞከሩ። አመፁ ሲበዛና ገንዘቡ ሲያጥር ግን ዘረፋው ተመለሰ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሳቸው አስዘረፏት። ሠራዊታቸውም እየከዳ መነመነ።

በቅርቡም በትግራይ ቤትና ክሊኒክ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በኮምቦልቻ የእርዳታ መጋዘን ሲዘረፍ፣ ዘራፊዎቹ የለበሱት መለዮ አንድ አልነበረም። የሁሉም ልጆች እዚህ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉና ይህን ስንናገር መርጠን አንናገር።

በሱዳን የተዘረፈ ዕቃ የሚሸጥበትን ቦታ ሕዝቡ «የደጋሎ ገበያ» ብሎታል። ወላጆች ሆይ፣ ደረሰኝ የሌለው ርካሽ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ባለቤቱ ከልጆቻችሁ ጋር የሚማር ልጅ አባት ሊሆን ይችላል።